ነጋዴውና የፍል ውሃዋ ከተማ በነሐሴ

አንድ ሰው ነበረ፤ የጨርቅ ነጋዴ። «መምህር፣ ሽማግሌ የላከብኝን ሰው ልቡን እንዴት ልወቀው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲያው ነጠላሽን ሰብሰብ አድርገሽ ተቀመጪና የዚህን ሰውዬ ነገር ስሚ።

ነጋዴው ሚስቱ ሞታበት፣ ልጆቹ ትዳር ይዘው ወጥተው፣ በትልቅ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ነበር። ወገቡን ያመዋልና በየዓመቱ ጥር ሲገባ ቆላ ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ የፍል ውሃ ከተማ ይወርዳል። ከተማዋ በበጋ የምትኖረው በእንግዳ ነው። ገና አውቶቡሱ ሳይቆም ሻንጣ ለመቀበል የሚሻማው ብዛቱ! አትጠገብ የምትባል የማረፊያ ቤት ባለቤት ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» እያለች ደጃፍ ድረስ ወጥታ ትቀበለዋለች። ወጡ በዶሮ፣ አንሶላው ነጭ፣ «በሞቴ ይብሉልኝ» ማለቱ ማለቂያ የለው። ዕድሜ ልኩን ለገበያተኛ ፈገግ ሲል የኖረ ነጋዴ፣ ለእሱ ፈገግ ሲሉለት ጊዜ አመነ። «እንዲህ የሚወደኝ አገር እያለ እኔ የት ነው ያለሁት?» አለ።

ቤቱን ሸጦ ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ሊኖር ቆረጠ። ገዢም ተገኘ፤ እስከ መስከረም ቁርጡን ንገረኝ ብሎታል። ታላቅ እህቱ ግን «ለመሆኑ ክረምቷን አይተኸዋል?» ብላ ጠየቀችው። አላየውም። ዝናብ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ ነገሩ ከነከነውና በነሐሴ አጋማሽ ለማንም ሳይናገር ጃንጥላውን ይዞ ተሳፈረ።

ሲደርስ ሻንጣውን የተቀበለው ሰው የለም። ሱቆቹ ተዘግተዋል። በበጋ ስለ ፍል ውሃው የጥንት ታሪክ የሚተርክለት አስጎብኚ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ በሩቁ እጁን አወዛወዘለትና ወደ እርሻው ዞረ። አትጠገብ ቤት ቢሄድ እሱ የሚተኛበት አልጋ ላይ ሽንኩርት ተዘርግቶበታል፤ እሷም የለችም። ወደ ፍል ውሃው ወረደ። ምንጩ ከሚፈላበት አፉ ላይ ሴቶች በቆሎ በከረጢት አስረው ይቀቅላሉ። እሱ ወገቡን በሚዘፈዝፍበት ገንዳ ብርድ ልብስ ይረገጣል። ሰውዬውን ቅር አለው።

ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢያይ፣ ለካ ደራሽ ውሃ የከተማዋን የውሃ ቦይ ንዶት አብዛኛው ሰው ደቦ ወጥቷል። አትጠገብ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ጭቃ እስከ ቅንድቧ ተቀብታ ድንጋይ ታቀብላለች። ቀና ስትል አየችው። እንኳን ደህና መጡ የለ፣ ጌታዬ የለ።

«ምነው ቆመህ ታየናለህ? ጃንጥላህን ጣልና የዚህን ትልቅ ድንጋይ ጫፍ ያዝ!» አለችው።

አንተ! በስንት ዓመቱ አንድ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው ቆሞ ቤቴን አልሸጥም አለ በልቡ፤ በመጣበት አውቶቡስ ሊመለስም እግሩን አነሳ። ግን ትልቁ ድንጋይ እየተንሸራተተ ነው፤ ሴትየዋም በደረቷ ደግፋ ብቻዋን ትታገለዋለች። ይህን እያየ መሄድ አልሆንልህ አለው። ጃንጥላውን ወርውሮ ገባ።

ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አዳለጠውና በቂጡ ጭቃው ውስጥ ዘፍ አለ። ድንጋዩን ሌሎች ደርሰው ያዙት፤ ከዚያ አገሩ በሙሉ ሳቀ። «ምን ያስገለፍጣችኋል፣ እናንተ ባለጌዎች!» ብሎ ጮኸ ያ በበጋ ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ሰው።

«እሰይ! ትቆጣለህ እንዴ?» አለች አትጠገብ እጇን ዘርግታ እያነሳችው። «እኛ እኮ ሰው ሳትሆን ሥዕል መስለኸን ስንፈራህ ኖርን።»

ነጋዴው ሳቁ አመለጠው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድንጋይ ሲያቀብል ዋለ። ስለ ቦዩ አቅጣጫ ተከራከሩት፣ ተከራከራቸው። ከዚያ ከአንድ ሰፌድ በቆሎ በሉ፤ በሞቴ ያለው ሰው የለም፣ ካልፈጠነ አይደርሰውም። ሲመለስ ገዢውን አስጠራና ቤቱን ሸጠ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰው በየበዓሉ ለብሶ እየመጣ፣ ለእናትሽ ጎንበስ እያለ ያሳየሽ በጋውን ነው። ውሸቱን ነው አላልኩሽም፤ በጋም ጊዜ ነው። አንቺ ግን ሳትጠሪ አጨዳ ላይ ሂጂበት፤ ደክሞት፣ ርቦት፣ በሬ ጠፍቶበት ሳለ ድረሺበት። ደግሞም ዳር ቆመሽ አይተሽው እንዳትመለሺ። ነጋዴው ከተማዋን ያወቃት ጃንጥላ ይዞ ሲመለከታት አይደለም፤ ጭቃዋ ውስጥ ወድቆ ነው። እሷም እሱን ያወቀችው ያኔ ነው። ልቡን እንዴት ልወቅ ትይኛለሽ፤ እሱስ የአንቺን በምን ይወቀው? እሱ በመጣ ቁጥር ኩልሽን ተኩለሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ «እሺ» ብቻ ስትይ ነው የሚያይሽ። እኔ የማውቃት ያቺ የምትጮኸው ልጅ የት ሄደች? በይ ተነሺ፣ ማጭድ ይዘሽ ሂጂና አንድ ጊዜ በደንብ ተጣሉ። ሽማግሌዎቹን እኔ አቆይልሻለሁ።