በቅሎዋ የዳነች ዕለት

«ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የደጃዝማች ድፋባቸው በቅሎ ከጉንፋኗ ተፈውሳለችና አገር ደስ ይበለው!»

ሹማምንት ጎረቤት አገር ደርሰው ሲመለሱና ያዩትን ሲጠየቁ ሰው በሹክሹክታ የሚተርታት አባባል የተወለደችው፣ ይህ አዋጅ በነጋሪት በተነገረ ማግስት ነው።

የወንዝ ማዶው ገዢ በቅሎዋ ስታስነጥስ የማጽናኛ መልእክተኛ ልከው ነበር፤ ስትድን ደግሞ የደስታ መልእክተኛ ላኩ። መልእክተኛው ባላምባራስ እንግዳሸት ናቸው፤ ሸንጎ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለጋራቸው የሚርበተበትላቸው።

ወንዙን ሊሻገሩ ሲሉ፣ ከድፋባቸው አገር ሸሽታ የመጣች ውድነሽ የምትባል ሴት የፈረሳቸውን ልጓም ያዘች።

«ጌታዬ፣ ቢያድግልኝ የሚባለውን ወንድሜን ‹ግብሩ በዛ› ስላለ አስረው ይገርፉታል። ከሱ በፊት የታሰሩትን ሬሳቸውን እንኳ አልሰጡንም። በአገራችን ልማድ፣ እንግዳ በልቶ እጁን ከመታጠቡ በፊት ማዕድ ላይ የእስረኛ ስም ከጠራ፣ እስረኛው ዳኛ ፊት ይቀርባል። ስሙን ብቻ ይጥሩልኝ።»

«ስም መጥራት ምን ይከብዳል? እጠራለሁ፣ እቴ» አሏት። ከልባቸው ነበር።

ማዕዱ ላይ ከደጃዝማቹ ጎን ተቀመጡ። ገና እንጀራው ሳይቆረስ ከአዳራሹ ጀርባ የሰው ጩኸት ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጅብ ነው» አሉ ድፋባቸው።

«በጠራራ ፀሐይ?»

«የኛ ጅብ ትጉህ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። «ደጃዝማች፣ አንድ ሰው...» ሲሉ ጡጫ የሚያክል ጉርሻ አፋቸው ላይ ደረሰ። ጌታ በእጁ ሲያጎርስ እንቢ ማለት ነውር ነው። እንደ ምንም ዋጡት።

«ቢያድ...»

«አንድ ያጣላል!» ብለው ድፋባቸው ሁለተኛውን ደገሙ። እሱንም ታግለው ዋጡ። አሁን አፋቸው ባዶ ነው፤ ጩኸቱም ገና አልቆመም።

ድፋባቸው ሦስተኛውን ጠቅልለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ከባላምባራስ አፍ ስንዝር አርቀው ያዙት። «ይቺ ደግሞ የጌታዎ የጨው ነጋዴዎች በአገሬ በሰላም እንዲያልፉ።»

ወዲያ ማዶ ጨው የሚገባው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ባላምባራስ አንገታቸውን አስግገው፣ አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ። ቀስ እያሉም አላመጡ። እያላመጡ ሳሉ ጩኸቱ ተቋረጠ። የእጅ ውሃ ቀረበ፤ ታጠቡ።

ውድነሽ ወንዙ ዳር ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ጠሩልኝ?»

ባላምባራስ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«ድምፁንስ ሰሙ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው? አስፈራሩዎት?»

«ማንም አላስፈራራኝም።»

«እኮ ለምን? ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። «አላብራራም፤ የጎረሰ አፍ አይመሰክርም።»