ወረፋ የያዘ ቁጣ

አንድ ሰው ነበረ። ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እየጻፈና እያተመ ይኖር ነበር። ምንትዋብ፣ «እህቴን ደጋግሜ መከርኳት፣ ተቆጥቼም ሰደብኳት፣ አልሰማ አለችኝ፤ ድምፄን የበለጠ ከፍ ላድርግ ወይስ ልተዋት?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱን ከዚህ ሰው ታገኚዋለሽ፤ ትንሽ ታገሺኝ።

ይህ ሰው ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው ቤት ክፍፍል ተኳርፎ ከርሞ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው። ታላቁም የታናሹ ፕሪንተር አርጅቶ መሞቱን ሰምቶ ነበርና፣ እርቁ እንዲጸና ብሎ ራሱ ሲሠራበት የቆየውን ደህና ፕሪንተር ተሸክሞ መጣለት። ተሳሳሙ፣ በደስታ ተለያዩ።

ታናሹ አሮጌውን ነቅሎ የመጣለትን በዚያው ኬብል ሰካው። መብራቱ በራ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብሎ ወደ ሥራው ገባ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ደግሞ ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገረው በአስተርጓሚ ነው፤ ድራይቨር ይሉታል። ለየፕሪንተሩ የሚስማማው አስተርጓሚ አለ። የሟቹ ፕሪንተር አስተርጓሚ ግን ከወንበሩ አልተነሣም ነበርና እንግዳውን በሟቹ ቋንቋ ያናግረው ጀመር። እንግዳው ምን ይበል? ዝም አለ።

ሰውየው አትም ብሎ አዘዘ። ምንም የለም። ደግሞ አዘዘ። ቀለሙን አውጥቶ አራግፎ መለሰው። ኬብሉን ነቅሎ እፍ አለበት፤ እኛ ሰዎች እፍ ስንለው የማይድን ዕቃ ያለ አይመስለንም። ኮምፒውተሩንም አጥፍቶ አበራው። በመጨረሻ ንዴቱ ወደ ወንድሙ ዞረ። ለካ ሽማግሌ ፊት ለይምሰል ታርቆኝ የማይሠራ ዕቃ ነው የሰጠኝ አለ በልቡ። ለሙከራ ብሎ «ወንድሜ አታለለኝ» ሲል ጻፈና አትም አለው። ዝም። «የታረቀኝ ሬሳ ሊያሸክመኝ ነው» ብሎ ጻፈ። አሁንም ዝም። ከዚያማ እጁ ተፈታ፤ እኔ እዚህ የማልደግመውን ሁሉ እየጻፈ አዘዘ። ስላልታተመ የጠፋ መሰለው። ሊኑክስ ግን የታዘዘውን አይረሳም፤ ሁሉንም ወረፋ አስይዞ ያቆየዋል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ባለጉዳይ መጣች። ማመልከቻዋ ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ መግባት አለበት። ጻፈላት፣ አዘዘ፣ እሱም አልወጣም። ሴትዮዋ በር በሩን ማየት ስትጀምር ጨነቀውና ለወንድሙ ደወለ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ የሰጠኸኝ ዕቃ አይሠራም አለው። ታላቁ ሱቁ ቅርብ ነበርና ወዲያው መጣ።

ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ከፈተ። ተመዝግቦ ያገኘው የአሮጌውን ፕሪንተር ስም ነው። ሳቀና የሟቹን አስተርጓሚ አሰናብቶ ለአዲሱ የሚስማማውን አስገባ። የቆመውንም ሥራ ቀጥል አለው። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ወረቀት ሳበ።

መጀመሪያ የጠዋቱ ሥራ ወጣ። ያው ሥራ ተደግሞ ወጣ። ቀጥሎ «ወንድሜ አታለለኝ» መጣ። ታናሹ ኬብሉን ሊነቅል ተንደረደረ፤ ታላቁ ግን ገጹን ቀድሞ አንሥቶት ነበር። አነበበው። የሚቀጥለውንም አነበበ። ፕሪንተሩ ጤነኛ ሆኗልና አያቋርጥም። የባለጉዳይዋ ማመልከቻ ከስድቡ ሁሉ ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ እሷ ደግሞ እንዳላየ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ታናሹ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ታላቁ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ከፍቶታል፤ ማንን አይከፋው?

«ይኸን ሁሉ ከምትጽፍ አንዴ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?» አለው።

ታናሹ በወንድሙ ጉልበት ላይ ወደቀ። ታላቁ አንሥቶ ሳመውና አንዷን ገጽ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ይቺን ለማስረጃ ይዣታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ስታኮርፍ አወጣታለሁ። ደግሞ ልብ ብለህ እይ፣ ስድብህ ጥርት ብሎ ነው የታተመው» አለ። ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ወንድማማቾቹም ተከተሏት። ማመልከቻውም በመጨረሻ ወጣ፤ ይዛው ሮጠች፣ ደረሰችም።

እንግዲህ ምንትዋብ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ፤ አትቆጪኝ። እህትሽ ዝም ስትልሽ ቃልሽ መሬት የወደቀ መሰለሽና በምክሩ ላይ ቁጣ፣ በቁጣው ላይ ስድብ ጨመርሽበት። ቃልሽ አልወደቀም፤ እሷ ዘንድ ወረፋ ይዟል። ጆሮዋ የተከፈተ ዕለት ከደህናው ምክርሽ በፊት ስድብሽን ነው የምትሰማው። ድምፅሽን ከፍ ብታደርጊ ወረፋው ይረዝማል። ልተዋት ወይ ላልሽውም፣ አትተያት፤ እህትሽ ናት። አሁኑኑ ተነሥተሽ ሂጂ፤ ዛሬ ግን ምንም እንዳትመክሪያት። ለተናገርሽው ክፉ ቃል ይቅርታ ጠይቂያትና፣ «እኔ እንዴት ብነግርሽ ነው የሚገባሽ?» በያት። ከዚያ አፍሽን ያዢ፤ ተራው የእሷ ነው።