ስንሻው ግንበኛውና የቀኛዝማች ደምለው ሊሾ

ይኼን ያጫወተኝ አጎቴ ነው፤ አጎቴም ከአባቱ ነው የሰማው። ውሸት ካለበት ለእነሱ፣ ሳቁ ለእኛ ይሁን።

ጎጃም ውስጥ፣ ሐሙስ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ስንሻው የሚባል ግንበኛ ነበር። እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ምላጭ። እጁ ያመጣለትን እንጀራ ምላሱ እያስጣለው የኖረ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ሲሚንቶ ገና ብርቅ ነበር። በከተማው የሊሾ ወለል ያለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሰው፣ ጌታውም ድኃውም፣ ቤቱን የሚለቀልቀው በእበት ነው።

ታዲያ ቀኛዝማች ደምለው የሚባሉ ባለርስት ልጃቸውን ለደብረ ማርቆስ ሰው ሊድሩ ሆነ። አማቾቹ ከተሜ ናቸው ቢሏቸው ጊዜ «እበት ላይማ አላስቀምጣቸውም፤ ቤቴ ሊሾ ይሁን!» አሉ። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ቀኛዝማች እኮ ዝንብ ጠላቸው ውስጥ ብትወድቅ ጨምቀው የሚለቁ ሰው ናቸው።

ስንሻውን አስጠሩት። የስንሻው ላም ገደል ገብታ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ወተት የለም፤ ሚስቱ ለሕፃኑ ወተት የምታመጣው ከጎረቤት ለምና ነው። ስለዚህ ዋጋህን ተናገር ሲባል ዓይኑ ደጅ ከታሰረችው እርጉዝ ቦራ ጊደር ላይ አረፈ። «እሷን ይስጡኝ» አለ። ቀኛዝማች ሽማግሌ አስቀምጠው ተዋዋሉ፦ ወለሉ ደህና ከሆነ ጊደሯ የስንሻው፣ ከተሰነጠቀ ግን ስንሻው ባዶ እጁን ይሄዳል።

*

ሥራው ሊጀመር ሲል ቀኛዝማች ስለ ልኩ ጠየቁ።

«አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው፣ ጌታዬ።»

«አሸዋው አምስት ይሁን። አሸዋ ከወንዝ በነጻ ነው።»

«ይላላል፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ስምንት ይሁን! ጠጠሩም አሥር ይሁን!»

ይህን ብለው ሲሚንቶውን ጓዳ ቆለፉበት፤ እንደ በርበሬም በጭልፋ እየሰፈሩ ያወጡለት ጀመር። ስንሻው ጭልፋዋን አየ፣ የአሸዋውን ክምር አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ፣ ከዚህ በላይ ከቀነስንማ ሲሚንቶውን እዚያው ትተን ስሙን ብቻ እየጠራን እናቡካው!»

*

ደግሞ ለሠራተኛ ላለመክፈል ደቦ ጠሩ። በደቦ ወግ ጉልበቱ በነጻ ነው፤ ደጋሹ ግን ማብላት ማጠጣት አለበት። ሰው ድንጋይ ሲያግዝ፣ አሸዋ ሲያዝል ዋለ። ምሳ ሲደርስ ጠላው መጣ። ጠላ አትበለው! የገንቦው ታች ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ጊዜ የተጠመቀውን ሦስት ጊዜ ውሃ ጨምረውበታል። ሰዉ ፈርቶ ይጠጣ ጀመር፤ ስንሻው ግን ገንቦውን አንስቶ ከሚቦካው አሸዋና ሲሚንቶ ላይ ደፋው።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ብለው ጮሁ ቀኛዝማች። «ጠላዬን ምን እያደረግህ ነው?»

«ይቅርታ፣ ጌታዬ፤ ለቡኮው ውሃ አንሶን ስንጨነቅ እርስዎ አስቀድመው በገንቦ የላኩልን መስሎኝ ነው!»

*

ወለሉ እኩሌታው እንደደረሰ ቀኛዝማች እንደገና አሰቡ። «ስማ፣ ስንሻው። አማቾቼ የሚቀመጡት እዚህ መካከሉ ላይ ነው። ከአልጋው ሥር፣ ከሣጥኑ ሥር፣ ከጥጉ ሁሉ ማን ያያል? እንግዶቹ ከሚቀመጡበት በቀር ሌላው አፈር ሆኖ ይቅር።»

«መልካም፣ ጌታዬ። እንግዲያውስ ሊሾው ሳይደርቅ እንግዶቹን ይጥሩልኝና አብሬ ልለስናቸው፤ አንዱ ተነስቶ ሽንት ቤት ቢል ጉዳችን ሊወጣ ነው!»

ደቦኛው በሳቅ ፈረሰ። ቀኛዝማች አፍረው ሙሉውን አስጨረሱ።

*

ሥራው ሲያልቅ ስንሻው አደራ አለ። «ጌታዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጡት። ያለዚያ ይሰነጠቃል።» ጊደሯ ያለችው በዚህ ቃል ላይ ስለሆነ ልቡ ተሰቅሏል።

«ውሃ ቀጂ ልቅጠር ነው የምትለኝ? ሲሚንቶ በሬ ነው እንዴ ውሃ የሚጠጣ?»

«በሬስ ሲጠማው አጥር ጥሶ ወንዝ ይወርዳል፤ ይኼ ምስኪን እርስዎ ቤት ተኝቶ ወዴት ይሂድ?»

ቀኛዝማች አንዲት ቅል ውሃ እንኳ ሳያርከፈክፉ ሳምንቱ አለፈ። ወለሉም ከበር እስከ ጓዳ ተተረተረ።

*

ሠርጉ ደረሰ። ቀኛዝማች ስንጥቁ እንዳይታይ ቤቱን ሙሉ ሣር አስጎዘጎዙበት። ያ ሁሉ ጣጣ የሰው ዓይን ለመማረክ ነበር፣ አሁን ዓይን እንዳያየው ተቀበረ! የሙሽራው አባት ገብተው እግራቸው ሣር ውስጥ ሲሰጥም ግራ ገባቸው።

«ቤቱ ሊሾ ነው ብለውን አልነበረም እንዴ? የታለ?»

ቀኛዝማች ሣሩን በእግራቸው ማስተካከል ያዙ። ስንሻው ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ቢፈልግ በዚያች ሰዓት ሊያዋርዳቸው ይችል ነበር፤ ግን ሠርግ ነውና አዘነላቸው።

«አለ፣ ጌታዬ፣ ከሥር ነው! አራስ ልጅ ስለሆነ ዓይን እንዳይበላው ሸፍነነው ነው!»

ሳቅ ሆነ፣ ጉዱ ታለፈ። ማታ ሙሽራ መውጫ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ታየ። ሙሽራ በወጉ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ታለቅሳለች፣ አልሄድም ትላለች፣ ሚዜም ጎትቶ ያወጣታል። የቀኛዝማች ልጅ ግን ሚዜዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ እሷው ቀድማ በቅሎዋ ላይ ወጥታ ጠበቀቻቸው።

*

ስንሻው ጊደሬን ቢል ቀኛዝማች «ወለሉ ተሰንጥቋል፣ ውሉ ፈርሷል» አሉት። እሱ ያዳናቸውን ቀን ረሱት! ስንሻው ተናደደና ለአጥቢያ ዳኛው ከሰሰ፤ ዳኛውም ስንጥቁን ለማየት እዚያው ቀኛዝማች ቤት ተሰየሙ። ሣሩ ተጠርጓል፣ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዟል።

«ተጠየቅ!» አሉ ቀኛዝማች እንደ ችሎቱ ወግ።

«ልጠየቅ!» አለ ስንሻው።

«ሲሚንቶውን ሳልሰስት አልሰጠሁህም? ውሃውንስ አላጠጣሁም? ዋሽቼ እንደሆነ ዶሮ እሰጥ!»

ሌላ ጌታ በችሎት ሲወራረድ በቅሎ እሰጥ፣ ማር እሰጥ ነው የሚለው። በዶሮ የተወራረዱ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ምስክር አለህ?» አሉ ዳኛው ስንሻውን።

ስንሻው ዞሮ ደቦኞቹን አየ። ሁሉም የቀኛዝማችን መሬት የሚያርሱ ናቸውና አንገታቸውን ደፉ። ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ በር ላይ ቆማለች።

ያን ጊዜ አንዲት የቀኛዝማች ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ገባች። ከዳኛው እግር ሥር ቆመችና ሊሾውን ጫር ጫር አደረገችው። ሊሾው እንደ አመድ ቦነነ። ዶሮዋም ገብታ ትታጠብበት ጀመር።

«ጌታዬ ዳኛ፣ ምስክሬ ገብታለች!»

«ዶሮ ናት እንዴ የምትመሰክርብኝ?» ብለው ቀኛዝማች ዘለሉ።

«ምን ላድርግ፣ ጌታዬ? እዚህ ቤት እርስዎን የማትፈራ እሷ ብቻ ሆነች፤ እሷንም ጥሬ በትነው ቢያጠግቧት ኖሮ ሊሾ ልትጭር ባልመጣች ነበር!»

ዳኛው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ በዶሮ ጥፍር የሚቦን ሊሾ ሲሚንቶም ውሃም አልጠገበም ብለው ጊደሯን ለስንሻው ፈረዱ። የውርርዱ ዶሮ ለዳኛው ነውና ምስክሯ ያን ማታ ወጥ ሆነች ይባላል።

*

ቀኛዝማች ጊደሯን ሊያስረክቡ ደጅ ወጡ፤ ሰዉም ተከትሎ ወጣ። ቆም አሉና ገመዱን ከአንገቷ ፈትተው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት።

«የተፈረደብኝ ጊደር ነው፤ ገመድ አልተፈረደብኝም። እስቲ ያለ ገመድ ስትወስዳት ልይህ!»

ሰዉ አጉረመረመ። ጊደሯ ግን ቀና ብላ የተከፈተውን የግቢ በር አየች፤ ጅራቷን ሰቅላ፣ የስንሻውን ሚስት አልፋ፣ በሩጫ ወደ ስንሻው ቤት መንገድ ወረደች። ስንሻው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«ገመድዎን ያቆዩት፣ ጌታዬ፤ ከእርስዎ ቤት ለመውጣትማ ልጅዎም ጎታች አላስፈለጋት!»