ለአንበሳ ሠርግ የታጨደ ቄጤማ

ተረት ተረት፤ የላም በረት። ላሟ ለሠርግ ታርዳ በረቱ ባዶ ነው።

አያ አንበሳ ልጁን ሲድር፣ ከወንዙ እስከ ዳሱ ያለው መንገድ ሁሉ ቄጤማ ይጎዝጎዝበት አለ። እመት ጦጢት አጫጆች አስከትላ ረግረጉ ዘንድ ስትደርስ፣ ዳክዬ ክንፏን ዘርግታ ቆመች።

«እመት ጦጢት፣ እንቁላሎቼ እዚህ ውስጥ ናቸው። እስኪፈለፈሉ ሦስት ቀን ይታገሱኝ።»

«ሙሽራ ይታገሳል እንዴ፣ እህቴ? ቄጤማው መልሶ ይበቅላል። ይልቅ አንቺም ተጠርተሻልና እንዳትቀሪ።»

ቄጤማው ከነእንቁላሉ ታጭዶ በሸክም ሄደ።

በሠርጉ ቀን ዳክዬ አንገቷን ደፍታ፣ በጨፋሪዎቹ እግር መካከል ጉዝጓዙን በምንቃሯ ስትገልጥ ዋለች። ከጎሽ ኮቴ ሥር ስባሪ ቅርፊት አገኘችና ክንፏን ዘርግታ ሸፈነችው።

«እዩዋትማ» አለች ጦጢት፣ እልልታዋን ገታ አድርጋ፤ «እኔ እኮ የተቀየመች መስሎኝ ነበር። እንዴት አድርጋ ታሸበሽባለች።»