ለዓሦቹ የሞቀ ምሳ

አንድ ዕድሜውን በቀይ ባሕር ላይ የፈጀ ዘውገ የሚባል መርከበኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከሚስቱ ከደብሪቱ ጋር ድሬዳዋ ገባ፤ ባሕሩ ግን ከልቡ አልወጣ አለ። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ ጨዋማ ውኃ ሞላበት፤ የባሕር ዓሦችንና ኮራሎችን አኖረበት። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው፤ እንደ አበባ ተከፍቶ ይበላል፣ ሲከፋው ይከደናል። ዘውገ እነዚህን ሁሉ በገዛ እጁ እያበላ ደስ ብሎት ይኖር ነበር።

ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን ስትሮክ መታውና አልጋ ላይ ዋለ። ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ሐኪሙ ደብሪቱን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህን ሰው ያቆዩት እነዚህ ዓሦች ናቸው። እነሱን ሲያይ ይረጋጋል። አደራ፣ እንዳያጣቸው» አላት። ደብሪቱም አልጋውን ከመኝታ ቤት አስወጥታ ከገንዳው ፊት ለፊት አስቀመጠችለት። ባሏን ከነፍሷ አስበልጣ ነበር የምትወደው።

ዓሦቹን መመገብ አሁን የእሷ ሥራ ሆነ። ከጅቡቲ ምግባቸውን የሚያመጣላቸው ሮብሌ የሚባል ነጋዴ መጥቶ አሳያት።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ይኼ በረዶ የሆነ የሽሪምፕ፣ የትንሿ የባሕር ፍጥረት፣ ሥጋ ነው። ከፍሪዘር አውጥተው ትንሽ ይቆርሱና ከገንዳው በቀዱት ውኃ ያሟሙታል። ጭማቂውን ይደፉታል፤ ውኃውን ያበላሽብዎታል። ሥጋውን ብቻ ጥቂት ጥቂት አድርገው ይሰጧቸዋል። ለኮራሎቹ ደግሞ ውኃውን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ያጠፉና በዚህች መርፌ በሌላት ስሪንጅ አፋቸው አጠገብ ጠብ ያደርጉላቸዋል። ከዚያ በላይ እንዳይጨምሩ።»

«ይቺን ታክል?» አለች ደብሪቱ አፏን ይዛ። «ኧረ በማርያም! ይቺ ለአንዱስ መቼ ትደርሳለች?»

«ትበቃቸዋለች» አላት ሮብሌ እየሳቀ፤ ተሰናብቷት ሄደ።

ደብሪቱ ግን ከቤቷ ሰው ሳይጠግብ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት። እንግዳ «በቃኝ» ቢላት ይሉኝታ ነው ብላ ታልፈዋለች እንጂ አታምነውም። «በሞቴ!» ትልና አንድ ጭልፋ ትጨምርበታለች፤ እንግዳውም ሆዱን ይዞ ይበላል። እሷ ፍቅር ብላ የተማረችው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ ነፍስ ላለው ፍጥረት በረዶ መስጠት ትልቅ ነውር መሰላት። «ብርድ ሊመታቸው እኮ ነው!» አለች። ሽሪምፑን ከነጭማቂው ድስት ላይ ጥዳ አሞቀችው። ይኼም አላረካትም፤ ደረቀባት መሰለኝ፣ ቅቤ ጣል አደረገችበት! አዎ፣ ቅቤ፣ ለዓሣ! የሰማ ሁሉ ጉድ ይላል፤ እሷ ግን ከልቧ ነበር። የሞቀውን ምሳ በጭልፋ እየቀዳች ገንዳው ውስጥ ገለበጠችው።

ዓሦቹ ተሻሙበት። ደብሪቱ ፊቷ በርቶ ወደ ባሏ ዞረች። «አየህ ዘውጌ? ርቧቸው ኖሯል እኮ!»

ዘውገ ደህናውን እጁን አነሳ። ከብዙ ትግል በኋላ ከአፉ አንዲት ቃል ወጣች። «በቃ።»

«ምን በቃ ትላለህ? ይብሉ እንጂ፣ ምን ጎድሎብን!» አለችና ጨመረች።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ሆነ። እሷ ታሞቃለች፣ ትጨምራለች፤ እሱ እጁን አንስቶ «በቃ» ይላል። የውኃውን ፊት ቅባት ጋረደው። ኮራሎቹ አንድ በአንድ ተከደኑ። «ጠግበው ተኙ» አለች ደብሪቱ። ዘውገ አለቀሰ፤ ደስታ ነው ብላ እንባውን ጠረገችለት።

አንድ ጠዋት የመስኮቱን መጋረጃ ስትገልጥ ጮኸች። ውኃው የዕቃ እጣቢ መስሏል። ዓሦቹ ሁሉ፣ ያ ሰማያዊው፣ ያ ባለ ቢጫ ጅራቱ፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። የኮራሎቹ ሥጋ ተልጦ ነጭ አጥንታቸው ቀርቷል። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ዘወር ስትል የዘውገ ዓይን ገንዳው ላይ እንደተተከለ ነው። ከእሷ በፊት አይቶታል።

ሮብሌ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ጣቱን ውኃው ውስጥ ነክሮ አሸተተና ክው አለ።

«ቅቤ? እትዬ ደብሪቱ፣ ቅቤ ነው እንዴ?»

«ርቧቸው መስሎኝ እኮ ነው!» አለች። «ሰጠኋቸው እንጂ ምን በደልኳቸው?»

«የተረፈው ሥር ወርዶ በሰበሰ፤ ብስባሹ ውኃውን መረዘው። ቅቤው ደግሞ ከላይ አየር ከለከላቸው። ዓሣ እንደሆነ የሰጡትን ሁሉ ይሻማል፤ በቃኝ አይልም።» ከዚያ ወደ አልጋው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሳቸውስ? ምንም አላሉዎትም?»

ደብሪቱ ወደ አልጋው ዞረች።

«ብሎኛል» አለች። «ወይኔ ጉዴ! በየቀኑ ብሎኛል!»

አልጋው ሥር ተንበረከከች። «ዘውጌ፣ ዓይንህ እያየ ጨረስኩብህ! ቃል አጥተህ፣ ያለችህን አንዲት ቃል ስትነግረኝ አልሰማሁህም!» አለች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

ሮብሌ ሲሄድ ደብሪቱ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ያው የምታውቀውን አደረገች፤ አጥሚት አሙቃ መጣች። ማንኪያውን ወደ አፉ ስታስጠጋ ዘውገ ፊቱን አዞረ። «በቃ» አለ።

«በሞ...» አለችና ቃሉ ግማሽ ላይ ቀረ። ስንት ጊዜ ይሆን ይህን አፍ በግድ ያስከፈተችው? ስንት ጊዜ አስሎት፣ አንቆት፣ እሷ «ጎሽ የኔ ጌታ» ብላው ሌላ ማንኪያ የጨመረችው? ማንኪያውን አስቀመጠች። ከተጋቡ ጀምሮ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው። «ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ብዙ ጠበቀችው። «ቁጭ» አላት።

ቁጭ አለች። እጇን ያዘው። እንዲህ ሆነው ዋሉ።

ሐኪሙ እንደፈራው ዘውገ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ደብሪቱ ግን በነዚያ በቀሩት ጥቂት ቀናት «በቃ» ሲላት እሺ ትለው ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሁሉ «እንዴት አድርገሽ ነበር የምትንከባከቢው!» ሲሏት ወደ ገንዳው ዞራ ታይ ነበር።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ደብሪቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። የሚያስደነግጠውም እሱ ነው። የምንወደውን ሰው ሳንጠይቀው ስንሰጠው የምናጠግበው የራሳችንን ሆድ ነው፤ እሱ መሞቱን የምናውቀው ከተንሳፈፈ በኋላ ነው። መስጠት ከመጀመራችን በፊት መስማት ይቀድማል። ይህን ታሪክ ለምትወዱት አንብቡለት፤ ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ዙሪያችሁን እዩ። «በቃኝ» ሲላችሁ ያላመናችሁት ማነው?