ፊኛዋ፣ ሽማግሌዎቹና ጉድጓድ የገባው ገመድ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ እሺ አላችሁም አላላችሁም ጀምሬያለሁ።

ወይንሸት የምትባል አብራሪ ነበረች። አንድ ጠዋት ሁለት ሙሽሮች በቅርጫት አሳፍራ በጋዝ እሳት በምትነሳ ትልቅ ፊኛ ወደ ሰማይ ወጣች። ጋዟ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምታርፍበት መሬት። በቀኝ ባሕር ዛፍ፣ በግራ የጭድ ክምር፣ ከፊት የመብራት ሽቦ። እሳት ይዞ ጭድ ላይ የሚወርድ ጤነኛ የለም፤ ሽቦ የነካም አይተርፍም። ደግነቱ ነፋሱ ገና አልነቃም። መሐል ላይ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ እሱንም ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል።

ወይንሸት በዛፍ ጫፍ ከፍታ ላይ ሆና ከቅርጫቷ፣ አባቶቼ እባካችሁ ላርፍ ነውና ተነሱልኝ አለች። ታላቁ ሽማግሌ ጋሽ ደባልቄ ሽቅብ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ የተጣሉት ሳይሳሳሙ አይነሳም፤ አያቶቻቸውም አልተነሱም። ይልቅ አልታረቅም ያለችውን አስካለን ለምኚ አሏት።

ፊኛዋ መሬት ትፈልጋለች፤ መሬቱን ሽማግሌ ይዞታል፤ ሽማግሌው እርቅ ይጠብቃል። ወይንሸት ጥግ ላይ ያኮረፉትን እትዬ አስካለን፣ እባክዎ ይታረቁ ብላ ለመነች። እሳቸው እቴ! የጎረቤታቸው የሽብሩ በሬ አሁንም ሽምብራቸውን እየጋጠ ነው፤ እሱ ሳይወጣ እርቅ የለም አሉ።

ፊኛዋ መሬት ትፈልጋለች፤ መሬቱን ሽማግሌ ይዞታል፤ ሽማግሌው እርቅ ይጠብቃል፤ እርቁ በሬው እስኪወጣ ይጠብቃል። ወይንሸት በሬውን ውጣ አለችው። አፉ ሞልቶ ስለነበር አልመለሰላትም። ሽብሩ ደግሞ፣ ይሄ በሬ ካልታሰረ ይወጋል፣ ገመዴን ደግሞ አስካለ ተውሳ አልመለሰችም አለ።

ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ጉድጓድ ገብቶብኝ ነው፤ አፍሬ ሳልነግርህ ቀረሁ» አሉት።

አያችሁ? ፊኛዋ መሬት ትፈልጋለች፤ መሬቱን ሽማግሌ ይዞታል፤ ሽማግሌው እርቅ ይጠብቃል፤ እርቁ በሬውን ይጠብቃል፤ በሬው ገመድ ይጠብቃል፤ ገመዱ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ ደግሞ ገመድ ካልሰጣችሁኝ ገመድ አልሰጥም ይላል!

ሙሽራው ትዕግሥቱ አልቆ ልዝለል ነው አለ። ወይንሸት ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ስትወርድ ፊኛዋ ቀልላ ሽቅብ ትላለች። አንተ መሬት ትደርሳለህ፣ ሚስትህ ሽቦው ላይ።»

ሙሽራው ተቀመጠ። ሙሽሪት ለማንኛውም ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘች።

ወይንሸት ቅርጫቷ ላይ የታሰረ ገመድ አላት። ግን እንዲሁ አትጥለውም። ሰው የፊኛ ገመድ ካየ ሊረዳ ይሮጣል፣ እጁ ላይ ይጠመጥማል፣ ፊኛዋ ሽቅብ ስትል አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቋጠሮውን ፈታች፤ ከቅርጫቱ አላቀቀችው፤ ያኔ ወረወረችው።

ሽብሩ ገመዱን አገኘ፤ ገመዱ በሬውን አሰረ፤ በሬው ከሽምብራው ወጣ፤ እትዬ አስካለ ታረቁ፤ ከሽብሩ ጋር ተሳሳሙ፤ ጋሽ ደባልቄ ምርቃቱን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጠሩት፤ ሽማግሌው ተነሳ፤ መሬቱ ባዶ ሆነ።

ወይንሸት ሙሽሮቹን፣ ጀርባችሁን ወደምንሄድበት ስጡ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ እጀታውን ያዙ፣ ሳልፈቅድ ማንም ንቅንቅ እንዳይል አለቻቸው። ጋዙን ዘጋች፤ የፊኛዋን አየር ለቀቀች። ቅርጫቱ መሬት ነካ፣ ነጠረ፣ ደግሞ ነካ፣ በጎኑ ጋደም አለ። ማንንም ጭረት እንኳ አልነካውም። ፊኛዋ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ሳታበቃ ነፋሱ ነቃና የመብራቱን ሽቦ ያወዛውዘው ጀመር። ሙሽራው ሽቦውን አየና ወይንሸትን እግሯ ላይ ወድቆ ሊያመሰግናት ሲል በግድ አነሳችው።

ሽብሩ በሬውን በረት አስገብቶ ገመዱን ሊመልስ መጣ። ወይንሸት አልተቀበለችውም።

«ለእትዬ አስካለ አውሳቸው» አለችው። «ያንተን ከጉድጓድ ያውጡበት።»

የእኔ ተረት በደኅና አርፏል፤ የእናንተንም በደኅና ያሳርፍላችሁ።