ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ የሠሩት መድፍ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ጠላቱን አብዝቶ የሚፈራ አንድ ንጉሥ ነበር። ብላታ ድንበሩ የሚባል ሹምም ነበረው፤ ምላሱ ረጅም፣ እውቀቱ አጭር። በዚያው አገር እንግዳሸት የሚባል ብረት ቀጥቃጭና ዝማም የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። እሷ ባሩድ ቀማሚ ናት። እጃቸው የተባረከ፣ እርስ በርሳቸውም የሚዋደዱ ሰዎች ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ፣ "በዓለም ያልታየ መድፍ ይሠራልኝ፤ ሚስጥሩ ግን እንዳይወጣ!" አለ።

ብላታ ዘሎ ተነሣ። "ለእኔ ይተዉት ጃንሆይ!"

ምን አደረገ መሰላችሁ? ባልን በአንድ አጥር፣ ሚስትን በሌላ አጥር ከተታቸው። "ስለ ሥራችሁ አንዲት ቃል ብትነጋገሩ አንገታችሁ ይቀላል" ብሎ በንጉሥ ስም አስማላቸው። ማታ ቤታቸው ገብተው ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ ባልና ሚስት እንደ ባዳ ዝም! ይሄ ግፍ አይደለም? ግፍ ነው እንጂ!

እንግዳሸት ብላታን ጠየቀው። "ጌታዬ፣ መድፉ ስንት ቁና ባሩድ ነው የሚጎርሰው? ብረቱን በዚያ ልክ ላወፍር።"

"ሚስጥር ነው!"

ዝማም ጠየቀችው። "ጌታዬ፣ ብረቱ ምን ያህል ይወፍራል? ባሩዱን በዚያ ልክ ልመጥን።"

"ሚስጥር ነው!"

ንጉሡም ጠየቀው። "ለመሆኑ መድፉ ደህና ነው?"

"ሚስጥር ነው ጃንሆይ፤ ሁሉም እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው።"

እዩት እንግዲህ! ጭንቅላቱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ባልም ሚስትም በግምት ሠሩ።

የሙከራው ቀን ደረሰ፤ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የብላታ ወታደሮች ዝማም የቀመመችውን ሦስት ቁና ባሩድ በሙሉ መድፉ ውስጥ ጠቀጠቁት። ችቦውን ለእንግዳሸት ሰጡትና "የሠራኸው አንተ ነህ፣ ለኩስ" አሉት። ዝማም መድፉን ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው። አፈሙዙን ስታይ ብረቱ ስስ ነው።

"ኡ ኡ! ባሌን ልትፈጁት ነው! ይሄ ብረት አንድ ቁናም አይችል!"

"ዝም በይ አንቺ ሴትዮ!" አለ ብላታ። "ሚስጥር አወጣች፣ አንገቷ ይቀላ!"

"ቅሉኝ! መጀመሪያ ግን እሱ ይለኩሰው። ሁሉን አውቃለሁ ያለው እሱ አይደል?"

ንጉሡ ወደ ብላታ ዞረ። "እውነቷን ነው። እንካ ችቦውን።"

ብላታ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ዞሮ ንጉሡን አየ። ሁለት ሄደ፤ ላብ አጠመቀው። በሦስተኛው መሬት ላይ ተደፋ።

"ማሩኝ ጃንሆይ! ስለ ብረትም ስለ ባሩድም የማውቀው የለም!"

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?"

"እነሱ ናቸው። እንዳይነጋገሩ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ።"

ባሩዱ ተዘርግፎ ወጣ። ባልና ሚስቱ እዚያው ቆመው ተነጋገሩ።

"አንድ ቁና?" አላት።

"ግማሽ። የእኔ ባሩድ ኃይለኛ ነው።"

አለቀ! ዓመት ሙሉ ሚስጥር ሲባል የከረመው ነገር ይቺ ነበረች። መድፉ አገር አናጋ፤ እንግዳሸትም በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።

ብላታ ሹመቱን ተገፎ የእንግዳሸት ከሰል ተሸካሚ ሆነ። ንጉሡስ ይቅርታ ጠየቀ? ኧረ ወዲያ! ንጉሥ መች ይቅርታ ይጠይቅና!

እናንተ ግን ልብ በሉ፣ ልጆቼ። ሚስጥር ከጠላት ይደበቅ፣ ማን ከለከለ? ከሚሠራው ሰው ደብቆ፣ ሳያውቁም አውቃለሁ ማለት ግን ሰው መግደል ነው። ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ንዴቴ ግን አላበቃም።